በያዮ ጫካ ጋሼ ኤርጃቦ ያነበቡልኝ ወረቀት

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ፈልጌ ተነሥቻለሁ። ዝምተኛ መሆኔን ታውቃላችሁ። ስቆም አፌ እንዳይተሳሰር ብዬ አራት ቀን በደብተሬ ስጽፈው ቆይቻለሁ፤ እያየሁ አነብላችኋለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን እዚህ ያላችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ በስማችሁ እጠራለሁ። ለምን እንደምጠራችሁ ኋላ ይገባችኋል።

እትዬ አስካለ፣ የቤቱ ባለቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ ሰው ቢያንኳኳ ቡና የምንለቅም እንድንመስል ሰፌዱን ጭንዎ ላይ እንዳደረጉ። ጋሼ ኤርጃቦ፣ ከከምባታ መጥተው መቱ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት፣ ግድግዳውን ተደግፈው። እህቴ ወርቄ። ወንድም ፈይሳ አናጢው፣ ይህን አግዳሚ ወንበር የሠራልን። እህት ጫልቱ፣ መንታዎቹን አስተኝታ። ጋሼ ታደሰ፣ በሩ ላይ፣ አንድ ጆሮዎ ወደ እኛ አንዱ ወደ መንገዱ። አዴ ዲንቂቱ፣ እኔ በአማርኛ ስናገር ወርቄ በኦሮምኛ የምታንሾካሹክልዎ። ሰባት ናችሁ። ስምንተኛው ገመቹ ነህ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድም ፈይሳ ያመጣህ። ዘጠነኛው እኔ አሰፋ ነኝ።

ዘጠኝ! ጌታ ይመስገን! እልል ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ጎረቤት አለና ሃሌ ሉያውን ቀስ አድርገን እንበለው።

አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ። አባታችንና እናታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገችኝ ወርቄ ናት፤ ለሰው በርበሬ እየወቀጠች አሳደገችኝ። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ። የቀረውን ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። ሞተር መጠገንም ያስተማረኝ ሰው የለም። የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ጥግ ላይ ጥሎት የነበረ ዶቅዶቄ ነበር። ፈታሁት፤ ብሎኑን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደርኩ፤ የእያንዳንዱን ቦታ በሥዕል ያዝኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። ሲነሣ አንድም ብሎን አልተረፈኝም። እንግዲህ ትዕቢቴ ከዚያ ጀመረ በሉ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ። ከዚህ መስኮት ብትመለከቱ፣ ከአጥሩ ማዶ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንደ ጣሳ ያለ የቆመ ነገር ይታያል። የዝናብ መለኪያ ነው። ጠዋት ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት እከፍተዋለሁ፤ ውሃውን ወደ ብልቃጡ እገለብጣለሁ፤ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ ትክክል መስመሩን አያለሁ፤ እጽፋለሁ። ዕሁድም በዓልም የለውም። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ መለኪያውን ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አደራ ሰጥቼ በሞተር ብቻዬን እዞራለሁ፤ ጎሬ፣ ኖፓ፣ ያዮ። የየቦታው ጠባቂዎች የመዘገቡትን ቅጽ ሰብስቤ እመለሳለሁ። ማደሪያ አልፈልግም ነበር፤ ሸራ አለኝ፤ በመሸበት እተክለዋለሁ። ከሰው ይልቅ ሸራና ሞተር ይስማሙኝ ነበር።

መንግሥት ጸሎት ቤታችሁን ባሸገ ጊዜ እኔ ወርቄን እንግዲህ አበቃላችሁ ብያት ነበር። እሷ ግን ዕሁድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወደዚህ ቤት መምጣቷን አላቆመችም።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግቢዬ ድረስ መጣ። መለኪያውን አስከፍቶ አየ፤ ደብተሬን አገላበጠ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ “ጓድ አሰፋ፣ አንተ አትጨምርም አትቀንስም። በዚያ በር ዕሁድ ዕሁድ ማን እንደሚገባ ጻፍልኝ” አለኝ። አዲስ አበባ ለሥልጠና እንድሄድ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፍልኝም ነገረኝ። ያን ሥልጠና ሦስት ዓመት ስመኘው ነበር።

ወንድሞች፣ ለራሴ የነገርኩትን ልንገራችሁ። ዝናብ ሲዘንብ እጽፋለሁ፤ ሰው ሲገባም እጽፋለሁ፤ እኔ የማየውን መዝጋቢ ነኝ፤ ቀጥሎ የሚሆነው የእኔ ጉዳይ አይደለም አልኩ። በሚቀጥለው ዕሁድ መለኪያው አጠገብ ቆሜ ወረቀት አወጣሁ። አንደኛ እትዬ አስካለ በሩን ሊከፍቱ ብቅ አሉ፤ ጻፍኩ። ሁለተኛ ጋሼ ኤርጃቦ፣ ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ሦስተኛዋ ወርቄ ነበረች። እጄ ቆመ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አልቆመም። ሦስተኛ ስለገባች ሦስተኛ ጻፍኳት። እህት ጫልቱ መንታዎቹን አንዱን በጀርባ አንዱን በክንድ ይዛ ስትገባ፣ ሕፃናት ይቆጠራሉ ወይስ አይቆጠሩም ብዬ አሰብኩ። ያሳሰበኝ ይህ ብቻ ነበር። ሰባት ስም ሆነ። ከስማችሁ ጎን የገባችሁበትን ሰዓት ጻፍኩ።

ሊቀመንበሩ ለስብሰባ በደሌ ሄዶ ነበር፤ የሚመለሰው ቅዳሜ ነው። እኔ ማክሰኞ ለዙረት እወጣለሁ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ከእኔ ጋር ተጓዘ።

ማክሰኞ የመቱን ዝናብ ለካሁና ሞተሩን ጫንኩ። የጫንኩትን ልቁጠርላችሁ፤ ዝርዝር እንደምወድ ታውቃላችሁ። አንድ ሸራ ከሁለት ምሰሶና ከአራት ካስማ ጋር፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ መለዋወጫ ካንዴላ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ አምስት ሊትር ቤንዚን፣ የይለፍ ወረቀት። ደረቴ ላይ ባንጠለጠልኩት የቆዳ ቦርሳ ውስጥ የዝናብ ቅጾች። ከቅጾቹ ሥር፣ አራት ላይ የታጠፈ ያ ወረቀት።

ወርቄ በጨርቅ የቋጠረችውን ቆሎ ይዛ ወጣች። “አሴ፣ ብቻህን አይደለም የምትሄደው፤ እሺ?” አለችኝ።

“ሞተሩ አንድ ሰው ነው የሚይዘው” አልኳት።

“የኋላ መቀመጫ የለውም እንዴ?”

“ሸራ ታስሮበታል።”

“እንግዲያው ሸራው ላይ ይቀመጣላ” ብላ ሳቀች። እኔ ሞተሩን ረግጬ አስነሣሁና ሄድኩ። ደረቴ ላይ ስሟ አለ፤ እሷ ቆሎ ትቋጥርልኛለች!

የጎሬን ዳገት ስወጣ ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ነበር። ኋላ ጸሐይ ወጣችና ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ አየሁ። እንዲህ ያለ ጠዋት ሞተር ላይ ሆኜ ፉጨት እወድ ነበር፤ ያን ቀን ፉጨቱ እምቢ አለኝ። ካንዴላውን አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። ካርቡራተሩን አየሁ፤ ደህና ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የታመመው ሌላ መሆኑን አላወቅሁም።

ረቡዕ በመቱ አልፌ ኖፓ ገባሁ። የኖፓው ጠባቂ ከወሩ ውስጥ ሁለት ቀን ባዶ ትቶ አገኘሁት። ልጁ ታሞበት ወደ ሐኪም ይዞት መሄዱን ነገረኝ። ልጁ ዳነ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ባዶ መተው ከመዋሸት አይሻልም አልኩትና ከቅጹ ጀርባ ጥፋቱን ጻፍኩበት። ያን ሰው ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ልጁም ድኖ አግኝቼዋለሁ፣ ጌታ ይመስገን!

ሐሙስ ሑሩሙን አልፌ ወደ ያዮ አመራሁ። ጫካው ውስጥ መንገዱ ተበላሽቶ ስለነበር ያዮ ሳልደርስ ለማደር ወሰንኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ጥሩ ሜዳ አገኘሁ፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላውን ጥሎበታል። መሬቱ ተዳፋት እንዳይሆን በጣሳ ውሃ ለካሁ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየሁ፤ ሸራዬን ተከልኩ፤ ከዛፉ ሥር እርጥብ ቅጠል ጨምሬ እሳት አነደድኩ። ሁሉን ያየሁ መሰለኝ። ወደ ላይ ግን ቀና አላልኩም።

የያዮ ሰው ማር የሚቆርጠው ከጫካ ነው፤ ቀፎውን የሚሰቅለው ዛፍ ላይ ነው። ከራሴ በላይ አራት ቀፎ ተሰቅሏል! ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣባቸው።

ወገኖቼ፣ የንብ መንጋ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ ሞተር የሚያውቅ ሰው እንዴት እንደሚነግራችሁ አላውቅም። ሞተሬ በራሱ የተነሣ መሰለኝ። ግንባሬን፣ የዓይኔን ቆብ፣ ጆሮዬን ነደፉኝ። ሸራውን ትቼ ሞተሩ ላይ ዘለልኩና ወደ መንገዱ ሸሸሁ። ሁለት መቶ ሜትር የሚሆን ሄጃለሁ። ከዚያ አንዱ ዓይኔ ተዘጋ፤ የፊቱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ወደቅሁ። ሞተሩ ግራ እግሬ ላይ ተኛ። ወዲያው ዝናቡ መጣ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ዝናብ የለካሁ ሰው በጀርባዬ ተንጋልዬ ተቀበልኩት። ሁለተኛውም ዓይኔ ተዘጋ። በእጄ ስዳስስ የቦርሳዬ ክዳን ተከፍቷል።

ምን ብዬ ጮህኩ መሰላችሁ? ስለ እግሬ አልነበረም፣ ስለ ዓይኔም አልነበረም። “ቅጾቼ!” ብዬ ነው የጮህኩት።

ምን ያህል እንደቆየሁ በትክክል አላውቅም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልለካሁት ይህን ብቻ ነው። የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ የሰው ድምፅ፣ “ማነው እዚያ?” አለ። ድምፁን አወቅሁት። ጋሼ ኤርጃቦ ነበሩ። ለነገው ገበያ ጨርቃቸውን ጭነው ወደ ያዮ እየሄዱ ነው።

ጋሼ ኤርጃቦን ከዚያ በፊት በአንድ ነገር አውቃቸው ነበር። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ከሥራ በኋላ ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። በሃምሳ ዓመታቸው ነው እርሳስ የያዙት። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር መምህሬ ይሉኛል፤ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት ነው።

“መምህሬ! ምን ሆነህ ነው?”

“ንብ ነው፣ ጋሼ። ቀፎ ሥር አንድጄ።”

ፊቴን ዳሰስ አድርገው፣ “ሰማይ ስትለካ የምትውል ሰው፣ ዛፍ ላይ ቀና ማለት አቃተህ?” አሉኝ። በዚያ ሁኔታዬ ሳቅ አመለጠኝ።

የበቅሎዋን ገመድ ከሞተሩ ጋር አስረው አነሡልኝ። ዝናቡ ንቦቹን ወደ ቀፏቸው መልሷቸው ስለነበር እኔን በቅሎዋ ላይ አድርገው ወደ ሸራው መለሱኝ። እሳት ከዛፉ ራቅ አድርገው በሸራው አፍ ጥላ ሥር ለኮሱ። ገና ብርሃን ነበር፤ ለእኔ ግን ጨለማ ነው። ጣቴን ፊቴ ላይ ሳሳርፍ ዓይኔ ያለበትን ቦታ አጣሁት።

“ጋሼ፣ እባክዎ ቦርሳዬን። ወረቀቶቹ ረጥበው ይሆናል። አንድ በአንድ ያስጡልኝ። ቀለሙ ለቆ እንደሆነ አንብበው ይንገሩኝ።”

“እኔ ላንብብ?”

“ያነባሉ። እኔ አይደለሁ ያስተማርኩዎ?”

ያ የታጠፈ ወረቀት በሐሳቤ አልነበረም። በጌታ ፊት እላለሁ፣ ያን ሰዓት ሚሊሜትር ብቻ ነበር የማስበው።

ብርድ ልብሴን ዘርግተው ቅጾቹን ደረደሩ። ከዚያ ጣታቸውን ፊደሉ ላይ እያስኬዱ ጀመሩ፤ ጣታቸው ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። “ጎ… ሬ። ጎሬ። አሥራ አራት… ነጥብ… ሁለት።” ደህና ነው አልኩ። ሁለተኛውን አነሡ። “ኖ… ፓ። እዚህ ሁለት ቀን ባዶ ነው፣ መምህሬ።” አውቃለሁ፣ ይለፉት አልኩ። ልቤ ረጋ፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ደስ ብሎኝ እግሬን መዘርጋት ጀምሬ ነበር።

“ይሄኛው የታጠፈ ነው” አሉ።

እጄን ዘረጋሁ፤ የያዝኩት ሸራውን ነው። እሳቸው ጀምረዋል።

“አስ… ካ… ለ። አስካለ።”

ከዚያ ሁለተኛውን ስም እንደ ሌላው ሳይቆራርጡ በአንድ ትንፋሽ አነበቡት። “ኤርጃቦ።” መጀመሪያ ያስጻፍኳቸው ቃል ነው። ሰሌዳው ፊት አቁሜ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋብዎ ይህ እንዳይጠፋብዎ ብዬ አርባ ጊዜ አስጽፌአቸው ነበር።

ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። በቅሎዋ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ተነሥተው ይሄዳሉ አልኩ፤ በዚያ ጫካ፣ ዓይን ለሌለው ሰው፣ መሄድ ብቻ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደሚቀጥለው መስመር አወረዱ። “ወር… ቄ” አሉ። ቀጠሉ። ፈይሳ። ጫልቱ። ታደሰ። የአዴ ዲንቂቱ ስም ረጅም ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሰዓቱን ሁሉ አነበቡ።

“ሰባት ነው። ጨረስኩ” አሉ። ቀጥለውም፣ “የተሳሳትኩት አለ?” ብለው ጠየቁኝ።

“የለም፣ ጋሼ” አልኩ። “አልተሳሳቱም።”

ወረቀቱን መልሰው ሲያጥፉት ሰማሁ። ከሌሎቹ ጋር አሰጡት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና፣ “ፊትህን ወደዚህ አዙር” አሉኝ። ይመቱኛል ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። በጥፍራቸው የንቦቹን እሾህ አንድ በአንድ ይነቅሉልኝ ጀመር፤ መቁጠር እንደምወድ ስለሚያውቁ እየቆጠሩልኝ። አንድ… ሁለት… ሦስት… ሃያ ሦስት ነበር። እያንዳንዱ ሲነቀል በወረቀቱ ላይ ያለ ስም የሚነቀል ይመስለኝ ነበር። ጌታ ይክበር! ያቺን የእጃቸውን ልስላሴ እስክሞት አልረሳትም።

“ወረቀቱን እሳት ውስጥ ይጣሉት” አልኩ።

“የጻፍከው አንተ ነህ። ዓይንህ ሲበራ እንደወደድክ ታደርገዋለህ።”

“አይፈሩም?”

“እፈራለሁ እንጂ። ስድስት ልጆች አሉኝ።” አሉ።

ከዚያ እኔ ያላወቅሁትን ነገሩኝ። እናንተ እዚህ ቤት ውስጥ ሆናችሁ በመስኮቱ ታዩኝ ነበር። ያቺ ወረቀት ያወጣሁባት ዕሁድ ስጽፍም አይታችሁኛል። አንዳንዶች ዛሬ እንበተን ሲሉ ወርቄ፣ ወንድሜ ነው፣ እንጸልይለት አለች። ለካ ከዚያም በፊት ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጸሎቱ የሚጀመረው በእኔ ስም ነበር። “አንተ ብልቃጡን ልታይ ስትጎነበስ እኛ እንንበረከካለን። ሰዓት የለንም፤ ሰዓታችን አንተ ነህ” አሉኝ። አዴ ዲንቂቱ ደግሞ፣ እየቆጠረን ነው ሲባሉ፣ ይቁጠር፣ አንድ ቀን እሱም አብሮ ይቆጠራል ብለዋል አሉኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ ከአጥር ማዶ ቆሜ ልትታሰሩበት ስማችሁን ስጽፍ፣ እናንተ ልድንበት ስሜን ትጠሩ ነበር! በዚያው ሰዓት! በዚያው ደቂቃ!

ጋሼ ኤርጃቦ እጃቸውን ዓይኔ ላይ ጭነው ጸለዩ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በከምባትኛ። እኔ መጸለይ አላውቅም ነበር። “ጌታ ሆይ፣ ትክክለኛ ሰው ነኝ ብዬ ነበር። አይደለሁም። ማረኝ” አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት፤ ሌላ ቃል አልነበረኝም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እንባው በተዘጋው ቆብ ሲወጣ ያቃጥል ነበር። ደረቴ ላይ ከማክሰኞ ጀምሮ የከበደኝ ነገር ተነሣ። ሃሌ ሉያ! ዝናቡ አልቆመም፤ ውስጤ ግን ጠራ። በጣም ደስ አለኝ፤ ጋሼን ይዘምሩልኝ አልኳቸው፤ በከምባትኛ አንድ መዝሙር ዘመሩልኝ። አንድም ቃል አልገባኝም፤ አብሬ ዘመርኩ።

ሲነጋ ዓይኔን ለመክፈት ሞከርኩ። የግራው እንደ ቀጭን መስመር ተከፈተ። መጀመሪያ ያየሁት የጋሼን ጉልበት ነው፤ ተቀምጠው አድረው ወረቀቶቹን ነፋስ እንዳይወስዳቸው በአራት ድንጋይ ጫፍ ጫፋቸውን ይዘዋቸዋል። ሁለተኛው ዓይኔም ተከተለ። አየሁ! ክብር ለስሙ ይሁን!

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጎዶሎ ነበር። ከሰባተኛው ስም ሥር “8. አሰፋ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት” ብዬ ጻፍኩ። አሁን ተሟላ። ለጋሼ አሳየኋቸው፤ ጣታቸውን አስኬደው አነበቡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እሳቱ ላይ አደረግሁት። ኋላ ወርቄ በመጽሐፍ ቅዱሷ በደማስቆ መንገድ የወደቀውን ሰው ታሪክ ስታነብልኝ፣ እሱም ሰዎችን የሚያሳስር ደብዳቤ ይዞ ነበር ሲባል የእኔን ወረቀት አስታወስኩ።

ያዮ ክሊኒክ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር እግሬን ነካክቶ አጥንቱ ደህና መሆኑን፣ እያነከስኩም ቢሆን እንደምረግጥበት ነገረኝ። ዓይኔን ሲያይ ግን ተገረመ። ዓይን ላይ እንዲህ የተነደፈ ሰው ሦስት አራት ቀን ሳያይ ይቆያል፤ ማን አከመህ አለኝ። ወደ ጋሼ ጠቆምኩ። የት ተማሩ ብሎ ጠየቃቸው። “ከዚሁ ልጅ” አሉት። ድሬሰሩ ምንም አልገባውም።

የያዮን ቅጽ ተቀብዬ ቅዳሜ ተመለስኩ። ገመቹ፣ አሁን ፍርሃቱን ልንገርህ፤ ያመነ ሰው አይፈራም እንዳትል። ወደ መቱ ስገባ ሁለት ጊዜ ሞተሩን ወደ ኋላ አዙሬ ነበር። ሸራው ከኋላዬ ታስሯል። የወርቄ ቃል ትዝ አለኝ፤ እውነትም አንድ ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ ትከሻዬን የያዘኝ መሰለኝ። ቀጥታ ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ።

“ወረቀቱስ?” አለኝ።

“አቃጥዬዋለሁ።”

“ስሞቹስ?”

“አንድ ስም አለኝ። አሰፋ። ከእነሱ አንዱ ነኝ።”

አብደሃል ወይ አለኝ። ሥልጠናውን አሰብክ ወይ አለኝ። እህትህን ልትሸፍን ነው አለኝ። እኔ ግን አንዱን ስም ብቻ ደጋገምኩ። ሠላሳ ሰባት ቀን ታሰርኩ። ወርቄ በየቀኑ ምግብ ታመጣልኝ ነበር፤ ለምን እንደታሰርኩ ጠይቃኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። ጋሼ ኤርጃቦም ለማንም አልተናገሩም። ወርቄ፣ ይኸው ዛሬ ሰማሽ። ሦስተኛ ጽፌሽ ነበር። ይቅር በዪኝ። ሁላችሁም ይቅር በሉኝ።

ሞተሩ ተወስዷል፤ ሥልጠናውም ቀርቷል። የመቱን መለኪያ ብቻ በእግሬ እየሄድኩ እንድለካ ተፈቅዶልኛል። ዛሬ ጠዋትም ሦስት ሰዓት ለካሁ፤ ስድስት ነጥብ አራት ነበር። ከዚያ በአጥሩ ዞሬ በዚህ በር ገባሁ። አርባ ሁለት እርምጃ ነው! በጫካ ስዞር የቆየሁት አርባ ሁለት እርምጃ ለመሄድ ነው፣ ጌታ ይመስገን!

ገመቹ፣ አንተን አላውቅህም። ምናልባት በልብህ ብዙ ጥያቄ ይዘህ መጥተሃል። ምናልባትም ወረቀት ይዘህ መጥተሃል፤ አትደንግጥ፣ አንተም ሳቅ። ይዘህ ከሆነ የእኔን ስም መጀመሪያ ጻፈው። ግን እንደኔ ከአጥር ማዶ ሆነህ አትቁጠረን፤ ና ግባ። ጌታ ዓይኔን ዘግቶ የከፈተልኝ እኔ ስለተሻልኩ አይደለም፤ ሰው ስሜን ስለጠራ ነው። የአንተም ከዛሬ ጀምሮ ይጠራል። ተማመንበት።

አሁን ልቀመጥ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል። ያቺ ዕሁድ እኔ ውጭ ነበርኩ። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ እንጂ ውስጥ የሆነውን አላውቅም፤ ጋሼ ኤርጃቦ የነገሩኝ ጥቂት ነው። በደብተሬ አንድ ገጽ ባዶ ትቼላችኋለሁ፤ የነበራችሁ ሙሉልኝ። አዴ ዲንቂቱ፣ ይቆጠራል ያሉት በምን ቃል ነበር? ወርቄ ትተርጉምልኝ። ጋሼ ታደሰ፣ በሩ ላይ ሆነው ስጽፍ ሲያዩኝ ለምን አልጠሩኝም? እርሳሴን ይዣለሁ። እትዬ አስካለ፣ መስኮቱ ሥር የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ ልጀምር። ጎንበስ ስል፣ ስሜን መጀመሪያ የጠራው ማን ነበር?